ስለ ትንንሽ ኒውቶች ድንገተኛ ሞት

በሥራ ምክንያት በውጭ አገር የሚኖሩ አንድ ወዳጃችን ከብራስልስ ከተማ ደብዳቤ ጽፈውልን ነበር። ደብዳቤው ስለ መንግሥት ጉዳይ ወይም ስለ ንግድ የሚናገር አልነበረም፤ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጃቸው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ታሳድጋቸው ስለ ነበሩ አምስት ትንንሽ እንስሶች የሚናገር ነበር እንጂ። ከአምስቱ አራቱ በሦስት ቀን ውስጥ ሞቱ። ልጅቱ «እኔ ስለ ነካኋቸው ይሆን?» እያለች ምግብ አልቀምስም አለች። የቤቱም ሰው ጥርጣሬውን በቤት ሠራተኛይቱ ላይ ጣለ፤ የመስታወቱን ሣጥን ስትወለውል ሳሙና ጨምራበት ይሆናል ተባለች። ወዳጃችንም እነዚህ እንስሶች የሕመም ምልክት ሳያሳዩ በድንገት የሚሞቱበትን ምክንያት መርምረን እንድንገልጽላቸው ለመኑን።

ይህ ነገር ለአንዳንድ ሰው ኢምንት መስሎ ይታየው ይሆናል። ለእኛ ግን ኢምንት አልመሰለንም። አንደኛ የሕፃን ኀዘን፣ ምንም በትንሽ ፍጥረት ቢሆን፣ እውነተኛ ኀዘን ነው፤ ሁለተኛም ያለ ማስረጃ የምትወቀስ ሰው አለች። ስለዚህ መጻሕፍቱን ተመልክተን የሚታወቀውን ሁሉ በዚህ ገጽ እናቀርባለን። በየውጭ አገሩ በሥራ የተበተኑ ወገኖቻችን ልጆች ከጓደኞቻቸው ጋር እንዲህ ያለውን እንስሳ እያሳደጉ ስለ ሆነ፣ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ እንዳልሆነ እናምናለን። በጽሑፋችን የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኒውት ምን ዓይነት እንስሳ ነው?

የእንስሳው ስም ኒውት ይባላል። ሲያዩት እንሽላሊት ይመስላል፤ አራት እግርና ረጅም ጅራት አለው። ዘመድነቱ ግን ከእንቁራሪትና ከጉርጥ ጋር ነው እንጂ ከእንሽላሊት ጋር አይደለም። የእንሽላሊት ቆዳ ደረቅና ቅርፊታም ሲሆን የኒውት ቆዳ ስስና እርጥብ ነው። ኒውት ውኃን በአፉ አይጠጣም፤ በቆዳው ይመጠዋል እንጂ። አየርንም ከሳንባው ሌላ በቆዳው ይተነፍሳል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ በኋላ የምንናገረው አብዛኛው ነገር ከዚህ የሚመነጭ ነውና።

ከሰሐራ በረሃ በስተ ደቡብ በሚገኘው የአፍሪካ ክፍል በተፈጥሮ የሚኖር ኒውት የለም። በሰሜን አፍሪካ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ይገኛል፤ ከዚያም ወዲያ አውሮፓ፣ እስያና ሰሜን አሜሪካ አገሩ ናቸው። በቤት ውስጥ ከሚያድጉት ወገኖች መካከል ብዙ የሚታወቁት የቻይናና የጃፓን ሆደ ቀይ ኒውቶች ናቸው፤ ጀርባቸው ጥቁር ወይም ቡናማ ሲሆን ሆዳቸው እንደ ፍም የቀላ ነው። የወዳጃችን ልጅ ታሳድጋቸው የነበሩትም ከቻይናው ወገን ናቸው።

የዚህ እንስሳ ተፈጥሮ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። እግሩ ቢቆረጥ ሌላ እግር ያበቅላል፤ ጅራቱም እንዲሁ። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ሊቃውንት ከጃፓን ኒውቶች ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚሰበስበውን ብሌን በ16 ዓመት ውስጥ 18 ጊዜ አወጡት፤ እንስሶቹም በአሥራ ስምንቱም ጊዜ አዲስ አበቀሉ፤ የመጨረሻውም እንደ መጀመሪያው ጥሩ ሆኖ ተገኘ። በመልካም አያያዝ ያደገ ኒውት ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። እንግዲህ ዓይኑን እንኳ መልሶ የሚያበቅል ፍጥረት፣ በልጅነቱ ከቧንቧ በተቀዳ ውኃ በአንድ ሌሊት ሲሞት ማየት ምን ያህል የሚያስገርም ነው! ምክንያቱ ግን አለው፤ አስቀድሞም የሚታወቅ ነው።

ከውኃ ወደ ምድር የሚወጣበት ጊዜ

ኒውት ዕድሜው በሦስት የተከፈለ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን አንድ በአንድ በውኃ ቅጠል ትጠቀልላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ልጅ በአንገቱ ግራና ቀኝ እንደ ላባ የተበተነ ስንጥብ አለው፤ በእርሱም እንደ ዓሣ በውኃ ውስጥ ይተነፍሳል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ስንጥቡ እየከሰመ ይጠፋል፤ ሳንባውም ሥራውን ይጀምራል። ያን ጊዜ ትንሹ ኒውት ከውኃው ወጥቶ በእርጥብ ቅጠልና በድንጋይ ሥር ይኖራል፤ በሆደ ቀዮቹ ዘንድ ይህ የየብስ ዘመን አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ይሆናል። ካደገ በኋላ ደግሞ ወደ ውኃ ይመለሳል።

እንግዲህ የመጀመሪያው የሞት ምክንያት ከዚህ ይመጣል፤ ይኸውም መስጠም ነው። በውኃ ውስጥ የተወለደ እንስሳ በውኃ ይሰጥማል ቢባል የሚያምን ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ስንጥቡ የጠፋ ትንሽ ኒውት እንደ ማንኛውም የየብስ እንስሳ አየር ይፈልጋል፤ ዋናውም ገና ደካማ ነው። የመስታወት ሣጥን ግድግዳው ቀጥ ያለና የሚያዳልጥ ስለ ሆነ፣ መውጫ ካላገኘ እስኪደክም ድረስ ይዋኛል፤ ከደከመም በኋላ ይሰጥማል። ጌታው ማታ ሲዋኝ አይቶት ደስ ብሎት ይተኛል፤ ጧት ሞቶ ያገኘዋል።

ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስንጥቡ ማነስ ሲጀምር የውኃውን ጥልቀት ወደ ጥቂት ሳንቲሜትር ዝቅ ማድረግ፣ በውኃውም ላይ የቡሽ ቁራጭ ማንሳፈፍ ወይም ከውኃው ቀስ እያለ የሚወጣ ተዳፋት ማበጀት ነው። ፈጽሞ ወደ ምድር ከወጣ በኋላ ደግሞ እርጥብ አፈርና ቅጠል ባለበት ሣጥን፣ ጥልቀት የሌለው የውኃ ሳህን አግኝቶ እንዲኖር ይደረጋል። ሣጥኑም አየር የሚያስገባ፣ ነገር ግን ጥብቅ የሆነ ክዳን ያሻዋል። ትንሽ ኒውት እርጥብ ሆዱን በመስታወቱ ላይ ለጥፎ ሽቅብ ይወጣልና፤ ካመለጠም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቆዳው ደርቆ ከወንበር ሥር ሞቶ ይገኛል።

ውኃው ራሱ ገዳይ ሲሆን

ሁለተኛው ምክንያት ውኃው ነው። በብዙ ከተማ ለሰው የሚታደለው የቧንቧ ውኃ ከበሽታ እንዲጠራ ክሎሪን ይጨመርበታል። ይህ ለሰው መልካም ነው፤ ስስ ቆዳ ላለው እንስሳና ይልቁንም ስንጥብ ላለው ልጅ ግን እንደ እሳት ነው። ተራው ክሎሪን ውኃው ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ 24 ሰዓት ያህል ሲቆይ ተንኖ ይወጣል። በአንዳንድ ከተማ ግን ክሎሪኑን ከአሞኒያ ጋር አዋሕደው ክሎራሚን የተባለውን ይጨምራሉ፤ እርሱ በማቆየት አይወጣም። ስለዚህ የውኃ እንስሳት ዕቃ በሚሸጥበት መደብር የሚገኘውን ማርከሻ መጨመር ያስፈልጋል። በከተማው ውኃ ውስጥ የትኛው እንዳለ የውኃ ማደያውን መሥሪያ ቤት ጠይቆ መረዳት ይቻላል።

ክሎሪን ቶሎ የሚገድል ጠላት ነው። ከእርሱ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ተደብቆ የሚሠራው አሞኒያ ነው። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው የአገራችን ተረት በዚህ ላይ በእውነት ይፈጸማል፤ ውኃው ለዓይን ጥርት ብሎ ሳለ መርዝ ይሆናልና። የእንስሳው ቆሻሻና ሳይበላ የቀረው ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣል። በቆየ የመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን አስቀድመው ወደ ናይትራይት፣ ቀጥለውም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይት ራሱ መርዝ ስለ ሆነ ሁለቱም ሥራ መፈጸም አለበት። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ሣጥን ውስጥ በበቂ ቁጥር እስኪራቡ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጃል።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ስሕተት ዘወትር ይፈጸማል። አንደኛው በጧት ሣጥኑን፣ በማታ እንስሳውን መግዛት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከንጽሕና ፍቅር የሚመጣ ነው፤ ይኸውም ውኃውን ሁሉ አፍስሶ፣ ጠጠሩን በፈላ ውኃ ቀቅሎ፣ ማጣሪያውን አጥቦ እንደ አዲስ መሙላት ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን ቆሻሻውን የሚያጠፉትን አገልጋዮች አብሮ ያጠፋል። ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ አሞኒያው ይጠራቀማል፤ ውኃው ሲሞቅ ደግሞ የመርዙ ኃይል ይጨምራል። ትክክለኛው አሠራር በየሳምንቱ ከውኃው አምስተኛውን ወይም አራተኛውን እጅ ብቻ መለወጥ፣ የሚጨመረውንም ውኃ ማርከሻ አግብቶበትና ሙቀቱን ከሣጥኑ ውኃ ጋር አስተካክሎ መጨመር ነው። ማጣሪያው ሲቆሽሽ ከዚያው ከሣጥኑ በተቀዳ ውኃ ውስጥ ይለቀለቃል እንጂ በቧንቧ ውኃ አይታጠብም። አሞኒያንና ናይትራይትን የሚለካ መመርመሪያ ስለሚሸጥ፣ በልኩ የሁለቱም ቁጥር ዜሮ ሆኖ መገኘት አለበት።

ሙቀት

ሦስተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። ብዙ ሰው የሩቅ አገር እንስሳ ሁሉ ሙቀት የሚወድ ይመስለዋል፤ ስለዚህም ሣጥኑን በመስኮት አጠገብ ፀሐይ ላይ ያኖረዋል፤ ወይም ለዓሣ የተሠራ ማሞቂያ ያስገባበታል። ኒውት ግን የቀዝቃዛ ውኃና የጥላ እንስሳ ነው። ለሆደ ቀዮቹ የሚስማማው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ 24 እና 25 ሲደርስ ይጨነቃሉ፤ ከዚያ ካለፈ ብዙዎቹ ይሞታሉ። ውኃ ሲሞቅ በውስጡ ያለው የሚተነፈስ አየር ያንሳል፤ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ በ10 ዲግሪ ሙቀት 11 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲኖር፣ በ20 ዲግሪ ወደ 9፣ በ30 ዲግሪም ወደ 7 ተኩል ይወርዳል። እንስሳው ግን በሙቀት ጊዜ የሚያስፈልገው አየር ይበዛል እንጂ አያንስም። ስንጥብ ያላቸው ልጆች በዚህ መካከል ታፍነው ይሞታሉ።

በአውሮፓ የበጋ ወራት ቤተ ሰብ ሁሉ ወጥቶ ሲውል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለው ትንሽ ሣጥን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊግል ይችላል። ማታ ባለቤቱ ሲመለስ ክፍሉ ቀዝቅዞ ስለሚቆየው ምክንያቱን አያገኘውም። ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ ቴርሞሜትር ማኖርና የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት መመዝገብ ይገባል።

ረሃብ፣ ጠጠርና እጅ

አራተኛው ምክንያት ረሃብ ነው። ከውኃ የወጣ ትንሽ ኒውት የሚንቀሳቀሰውን እንጂ የማይንቀሳቀሰውን ምግብ አድርጎ አያየውም። ከመደብር የተገዛ ደረቅ ምግብ ቢበተንለት በፊቱ ተኝቶ ይሻግታል፤ እርሱም እየከሳ ይሄዳል። ክንፋቸው የማይበር ጥቃቅን የፍሬ ዝንቦች፣ የተከተፉ የምድር ትሎችና ሌሎች ከራሱ አፍ ስፋት የማይበልጡ ሕያዋን ነገሮች ያስፈልጉታል። በውኃ ውስጥ ላሉት ልጆች ደግሞ የውኃ ቁንጫና ይህን የመሰለው ይስማማቸዋል። ረሃብ የሚገድለው በሳምንታት ነው፤ ነገር ግን እንስሳው ትንሽ ስለ ሆነ ክሳቱ ሳይታይ ቆይቶ ሞቱ ድንገተኛ ይመስላል። ጅራቱ ከሥሩ የሰለለ፣ የወገቡም አጥንት ጎልቶ የሚታይ እንደ ሆነ ምክንያቱ ከዚህ ይፈለግ። በሣጥኑ ወለል ያለው ጠጠር ከራሱ ያነሰ እንደ ሆነም ምግብ ሲነጥቅ አብሮ ይውጠውና አንጀቱ ይዘጋል። ወለሉን ባዶ መተው ወይም ሊዋጥ የማይችል ትልልቅ ድንጋይ ማንጠፍ ይሻላል።

ብዙ ኒውት በጠባብ ሣጥን ሲታጎር ደግሞ እርስ በርሱ ይነካከሳል፤ ትልቁ ትንሹን ይበላል፤ ከምግብም ይከለክለዋል። የወገን ልዩነት ያላቸውን ኒውቶች አንድ ላይ ማኖርም አይገባም፤ የብዙዎቹ ቆዳ መርዝ አለው፤ የአንዱም ወገን የለመደው በሽታ ለሌላው አዲስ መቅሠፍት ይሆናልና። የመርዙ ስም ቴትሮዶቶክሲን ይባላል፤ ፉጉ በተባለው በጃፓን ዓሣ ውስጥ የሚገኘውም ይኸው ነው። በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ የሚኖረው ሻካራ ቆዳ ያለው ኒውት በዚህ መርዝ ከሁሉ ይበልጣል፤ በ1979 በኦሬጎን ግዛት አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ኒውት ውጦ ሞቷል። ሆደ ቀዮቹን በእጅ መንካት አያሳምም፤ ነገር ግን ሕፃናት ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና መታጠብ አለባቸው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ግን፣ ሳልሞኔላ የተባለውንም የአንጀት በሽታ ሊያመጣባቸው ስለሚችል፣ ባይነኩ ይሻላል።

ከመንካት በፊት ደግሞ እጅን በንጹሕ ውኃ ብቻ ማለቅለቅ ይገባል። ቅባት፣ ሽቶ፣ ሳሙና፣ የትንኝ ማባረሪያ በእጅ ላይ የቀረ እንደ ሆነ በዚያ ስስ ቆዳ በቀጥታ ወደ ደሙ ይገባል። በክፍሉ ውስጥ የተረጨ የተባይ መድኃኒት፣ ከመዳብ ቧንቧ የሚሟሟ መዳብ፣ ለዓሣ ሕመም ተብሎ የሚጨመር መዳብ ያለበት መድኃኒት ሁሉ እንዲሁ ይጎዳል።

በሽታ

አምስተኛው ምክንያት በሽታ ነው። አኤሮሞናስ የተባለው ባክቴሪያ በተጨናነቀና በቆሸሸ ውኃ ውስጥ ይበረታል፤ የእግርና የሆድን ቆዳ በደም ያቀላዋል። ራናቫይረስ የተባለው ደግሞ በተለይ ልጆቹን በጥቂት ቀን ይጨርሳቸዋል። ከሁሉ የከፋው ግን የቆዳ ሻጋታ ነው። በ1999 ሊቃውንት በዓለም ዙሪያ እንቁራሪቶችን የሚፈጅ አንድ ሻጋታ አግኝተው ስም አወጡለት። ቆዳውን ስለሚያበላሽበት እንስሳው ውኃና ጨው መቆጣጠር ያቅተዋል፤ በመጨረሻም ልቡ ይቆማል። ይህ ሻጋታ በአገራችን ደጋ በሚኖሩ እንቁራሪቶች ላይ መገኘቱን የሚገልጽ ጥናት በ2012 ታትሟል። ኢትዮጵያ በሌላ አገር የማይገኙ ብዙ የእንቁራሪት ወገኖች ያሏት ስለ ሆነች፣ ነገሩ እኛንም የሚነካ ነው።

በሆላንድ አገር ደግሞ እሳቴ ሳላማንደር የሚባሉ፣ የኒውት ዘመድ የሆኑ ጥቁርና ቢጫ እንስሶች ከ2010 ገደማ ጀምሮ በጫካ ውስጥ ሞተው ይገኙ ጀመር። በ2013 ከመቶው ዘጠና ስድስቱ ጠፍተው ነበር። በዚያው ዓመት ከቤልጂግ ከጌንት ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሊቃውንትና ባልደረቦቻቸው ገዳዩን አገኙት፤ የፊተኛው ሻጋታ ወንድም ነው፤ ስሙንም ባትራኮኪትሪየም ሳላማንድሪቮራንስ አሉት፤ ትርጓሜው ሳላማንደር በላ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ጥናት ሻጋታው ከምሥራቅ እስያ እንደ መጣ፣ በዚያ ያሉ ኒውቶች ሳይታመሙ ሊሸከሙት እንደሚችሉ፣ ወደ አውሮፓም የገባው ለቤት ማሳደጊያ ከሚሸጡ እንስሶች ጋር ሳይሆን እንደማይቀር አስረዳ። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በጥር 2016 የ201 ወገኖች ሳላማንደርና ኒውት ወደ አገራቸው እንዳይገቡ የከለከሉት ስለዚህ ነው።

ስለዚህ ማንም ሰው የሞተ ኒውት የነበረበትን ውኃ፣ ጠጠርም ሆነ ቅጠል፣ በመናፈሻ ኩሬ ወይም በወንዝ እንዳይጥል እናሳስባለን። በሕይወት ያለውንም «ነጻ ላውጣው» ብሎ በጫካ አይልቀቀው። በአንድ ሣጥን ውስጥ የጀመረው በሽታ አንድን ሸለቆ ባዶ ሊያደርግ ይችላል። አዲስ የተገዛ ኒውት ደግሞ ከቀድሞዎቹ ጋር ሳይቀላቀል ቢያንስ ስድስት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ ከዱር የተያዘው ተንገላቶ ስለሚመጣ፣ በቤት የተወለደው ይመረጥ።

ምክንያቱን ለማወቅ የሚጠየቀው

እንስሳው ከሞተ በኋላ ሌላ ለመግዛት መቸኮል አይገባም፤ ምክንያቱ በሣጥኑ ውስጥ ካለ ሁለተኛውም ይሞታልና። አስቀድሞ እነዚህን ነገሮች መመልከት ነው። ሁሉም በአንድ ሌሊት ወይም በጥቂት ቀን ከሞቱ፣ ውኃው፣ ሙቀቱ ወይም መርዝ ይጠረጠር። አንድ በአንድ በሳምንታት ልዩነት ከሞቱ፣ በሽታ ወይም ረሃብ ይጠረጠር። ቆዳው የቆሰለ፣ የቀላ ወይም ያለ ልክ የሚገፈፍ እንደ ሆነ በሽታ ነው። ምንም ምልክት ሳይኖረው በጥልቅ ውኃ ውስጥ የተገኘ ትንሽ ልጅ፣ የመውጫ ቦታ ነበረው ወይ ተብሎ ይጠየቅ። ከሁሉም በላይ ከሞቱ በፊት ባሉት ሦስት ቀኖች ምን ነገር እንደ ተለወጠ ይጠየቅ። ሬሳው በበረዶ ቤት ሳይሆን በማቀዝቀዣ ውስጥ በእርጥብ ወረቀት ተጠቅልሎ በ24 ሰዓት ውስጥ ለእንስሳት ሐኪም ቢደርስ፣ ሐኪሙ መርምሮ ሊፈርድ ይችላል።

እኛም ወዳጃችንን በደብዳቤ የጠየቅናቸው ይህንኑ ነው፤ ውኃው መቼና እንዴት እንደ ተለወጠ፣ አራቱ የት እንደ ተገኙ፣ አምስተኛውም በሕይወት የተረፈው የት ሆኖ እንደ ነበረ ጠየቅናቸው።

መልሳቸው ግልጽ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እንግዳ ስለሚመጣ፣ ልጃቸውንም ደስ ለማሰኘት፣ ወዳጃችን ራሳቸው እጃቸውን ሰብስበው ሣጥኑን አጸዱት። ውኃውን ሁሉ አፈሰሱት፤ ጠጠሩንና ማጣሪያውን በፈላ ውኃ አጠቡት፤ ከቧንቧውም በቀጥታ እስከ አፉ ሞሉት። እሑድ ጧት ሁለቱ፣ ሰኞ አንዱ፣ ማክሰኞም አንዱ በወለሉ ላይ ሞተው ተገኙ። አራቱም ስንጥባቸው ጠፍቶ ነበር። አምስተኛው ልጅቱ ቅዳሜ ማታ «ጀልባ ትሁናቸው» ብላ በጣለችው ጠፍጣፋ የቡሽ ቁራጭ ላይ ወጥቶ ተቀምጦ ነበር። ማክሰኞ ውኃው ሲለካ አሞኒያ ተገኘበት።

እንግዲህ ፍርዱ አስቸጋሪ አይደለም። ክሎሪኑ፣ የውኃው ጥልቀትና የማጣሪያው መቀቀል በአንድ ቅዳሜ ተባበሩ። ሠራተኛይቱ ከሐሙስ በኋላ ወደ ሣጥኑ አልቀረበችም ነበር፤ እንስሶቹም እስከ ቅዳሜ ድረስ ደኅና ሆነው ይበሉ ነበር። ሳሙና ጨምራ ቢሆን እንኳ፣ ያ ውኃ ቅዳሜ ዕለት ሁሉም ፈሷል። ልጅቱም በመንካቷ አልገደለቻቸውም፤ የተረፈውን አንዱን ያዳነችው የእርሷ ቡሽ ናት።

ይህን ስንጽፍላቸው፣ ቅር ይላቸው ይሆን ብለን ጥቂት አመንትተን ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ሁለተኛው ደብዳቤያቸው ደረሰን። ደብዳቤያችን በደረሳቸው ማታ ልጃቸውንና ሠራተኛይቱን በአንድነት ጠርተው «እነዚህን እንስሶች ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ፤ ክፉ አስቤ ሳይሆን ባለማወቅ ነው» አሏቸው፤ ሠራተኛይቱንም በልጃቸው ፊት ይቅርታ ጠየቋት። እርሷም «እኔስ አንድ ቀን እውነቱ ይወጣል ብዬ ዝም አልኩ» አለች። ልጅቱ ያን ዕለት ማታ ራቷን በላች።

የተረፈው ኒውት አሁን እርጥብ አፈርና ቅጠል ባለበት ሣጥን ውስጥ ይኖራል። ልጅቱ በየጧቱ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት የቴርሞሜትሩን ቁጥር በደብተር ትጽፋለች፤ ከትምህርት ቤት ዘግይታ በምትመለስበት ቀን የማታውን ቁጥር የምትጽፍላት ሠራተኛይቱ ናት።